የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወደ ፊት አመጣኋት

የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ድርሰቴ ከ20 8 ተሰጥቶት ተመለሰልኝ። ሦስት ገጽ ነበር። ሁለት ሌሊት አምሽቼበታለሁ። ከበድ ከበድ ያሉ ቃላት ከመዝገበ ቃላት እየለቀምኩ አስገብቼበታለሁ። መምህሩ ስለ ሰዋስው ብዙም አላነሡም። ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈዋል። «ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?»

ያን ቀን ዶርም ገብቼ አለቀስኩ።

ዛሬ ታናሽ ወንድሜ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሷል። እሱም ድርሰት ጻፉ ሲባል ነጭ ወረቀት ላይ አፍጥጦ ይቀራል። በስልክ ስነግረው የከረምኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። እንደ እኔ ለተቸገረ ተማሪ፣ ወይም ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ለሚያስጠና ወላጅ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። በትምህርት ቤት ጎበዝ ከሚባሉት ነበርኩ። ጉብዝናዬ ግን ማጥቆር ላይ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናው ምርጫ ነው። ትክክለኛውን ፊደል ካጠቆርክ አለፍክ። የእንግሊዝኛው ፈተና ስለ መጻፍ ይጠይቃል። ግን የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮች ይሰጡህና ቅደም ተከተላቸውን ትመርጣለህ እንጂ ከራስህ አውጥተህ አንዲት መስመር እንኳ አትጽፍም። የማይፈተን ነገር ደግሞ ማን ያጠናል?

ክፍላችን ውስጥ ከ60 በላይ ነበርን። አንድ መምህር 60 ደብተር ቤቱ ተሸክሞ ሄዶ፣ እያንዳንዱን አንብቦ፣ አርሞ ሊመልስ? አልፈርድባቸውም። የድርሰቱ ገጽ ሲደርስ «ቤት ሥሩት» ይባልና ይታለፋል። ደብተሬ ላይ ትርጉሙ ሁሉ ነበር። ተራኪ፣ ገላጭ፣ ስዕላዊ፣ አመዛዛኝ። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። በቃሌ እወጣዋለሁ። ድርሰት ጻፍኩ የምለው ግን ለበዓል የተጻፈ ነገር ገልብጬ ካልሆነ በቀር አልነበረኝም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። በአማርኛ ያላደራጀሁትን ሐሳብ በእንግሊዝኛ አደራጂ ተባልኩ።

ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን ፈራ ተባ እያልኩ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። የድርሰቱ ርዕስ «ባሕር ዛፍ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ነበር። የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ወረቀቱን ገና ሳወጣ «እሱን አስቀምጪው» አሉኝ። «በአማርኛ ንገሪኝ። አንቺን ባሕር ዛፍ ምን አደረገሽ?»

ነገርኳቸው። የአያቴን ማሳ አነሣሁ። ጎረቤታቸው ድንበሩን ይዞ ባሕር ዛፍ ተክሏል። መሀል ማሳው ላይ ጤፉ ጉልበት ያልፋል። ወደ ዛፎቹ ስትጠጋ ግን እያጠረ፣ እየሳሳ ይሄዳል። ዛፎቹ ሥር ቁርጭምጭሚት እንኳ አይሸፍንም። አያቴ በየዓመቱ ያን ዳር ያርሱታል፣ በየዓመቱ ያዝናሉ። ባሕር ዛፍን ግን አይጠሉም። የእኔን ዩኒፎርምና ደብተር የገዙት እሳቸውም አጣና ሸጠው ነው። የእሳቸው ዛፍ ያለው እህል በማያበቅለው ተዳፋት ላይ ነው። ስለዚህ ችግሩ ዛፉ ሳይሆን የተተከለበት ቦታ ነው አልኳቸው።

«ይሄ እኮ ነው ድርሰት!» አሉ። «ወረቀቱ ላይ የታለ?»

አብረን ፈለግነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሆና አገኘናት። «ስለዚህ ባሕር ዛፍን ከእርሻ አርቆ መትከል ይሻላል» ትላለች። ከእሷ በፊት ያለው ሁሉ ምን ነበር? ደን ለሰው ልጅ የሚሰጠው ጥቅም። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መምጣቱ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት መተከሉ። ሁሉም እውነት ነው። ግን አንዱም ስለ ማሳው ዳር አይናገርም። አያቴማ ጭራሽ ወረቀቱ ውስጥ የሉም። የቤተሰብ ወሬ ለትምህርት የሚሆን አልመሰለኝም ነበር።

መምህሩ ያቺን ዓረፍተ ነገር ከበቧት። ከዚያ ረጅም ቀስት ስበው ወደ መጀመሪያው ገጽ አናት ወሰዷት። «ከዚህ ጀምረሽ እንደገና ጻፊው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ድርሰት ሁሉ የተሠራው በዚያ ቀስት ነው። መጀመሪያ ዝም ብዬ እጽፋለሁ። ስጨርስ የመጨረሻውን አንቀጽ አነባለሁ። ብዙ ጊዜ ማለት የፈለግኩት እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ምክንያቱም ሰው የሚያስበውን የሚያውቀው እየጻፈ ነው። እጁ ሲደክም ዙሪያውን መዞር ይተውና ነገሩን ይናገራል። ያቺን ዓረፍተ ነገር አነሣና መጀመሪያ ላይ አስቀምጣታለሁ። የፊቱን አብዛኛውን እሰርዘዋለሁ። መሰረዝ ያማል፤ ሁለት ሌሊት ያመሸሁበት ነዋ። ግን አንባቢው ሲያነብ የሚያየው ድካሜን አይደለም።

ለምን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣታለን? እኔ የመሰለኝን ልናገር። አስተዳደጋችን ነው። ጎረቤት ሄደሽ ወንፊት ለመዋስ እንኳ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ይወራል። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ጉዳዩ ከበር አይነሣም። ዘሎ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። ይህ ጨዋነት ነው፣ እኔም ቤቴ ውስጥ አልተወውም። ለድርሰት ግን አይሆንም። ድርሰት የሚያነበው መምህር ገና ሌላ 59 ወረቀት ይጠብቀዋል። ምን ልትነግረው እንደመጣህ ከበር ላይ ማወቅ ይፈልጋል።

ይህን በክረምት ቤት ስገባ ለአያቴ አጫወትኳቸው። አያቴ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። እንደሚታወቀው አገራችን ጎጃም ለቅኔ ስሟ የተጠራ ነው። «አባባ፣ እናንተ ወርቁን በሰም ትሸፍናላችሁ። እኔን ወርቁን ከፊት አስቀምጪ እያሉኝ ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና እንዲህ አሉኝ። «ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ነው። ፈልጎ ያገኘዋል፣ ሲያገኘውም ይደሰታል። አንቺ ግን የምትጽፊው ለማያውቅ ሰው ነው። ለማያውቅ ሰው ወርቁን ከደበቅሽበት ምን ይዞ ይሄዳል?»

ከዚያ የቅኔ ቤቱን ውሎ ነገሩኝ። ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ጓሮ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ እያሰበ ያዘጋጃል። ቆጠራ ይባላል። ሲጨርስ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ነገራ ይባላል። መምህሩ ይሰማል፣ የተበላሸውን ያርማል። ተማሪው ተመልሶ ይቆጥራል። ደግሞ ጀማሪ በመወድስ አይጀምርም። መወድስ ስምንት ቤት፣ ማለትም ስምንት ስንኝ ያለው የቅኔ ዓይነት ነው። የሚጀመረው በጉባኤ ቃና ነው፣ እሱ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ሁለቱን ቤት ሳያቃና ወደ ሌላው አይሻገርም።

እኔ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጉባኤ ቃና ሳልቆጥር መወድስ ንገሪ ስባል ነው የኖርኩት። ሦስት ገጽ ጻፊ ተባልኩ እንጂ አንድ አንቀጽ አቃንተሽ ጻፊ ያለኝ የለም።

ያን ክረምት በየቀኑ አንድ አንቀጽ ብቻ ጻፍኩ። አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር። መጀመሪያ በአማርኛ። የአማርኛ መጽሐፋችን ኃይለ ቃል የሚለው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ኃይለ ቃል የአንቀጹን ሐሳብ የምትሸከም ዓረፍተ ነገር ናት። ሌሎቹ መዘርዝር ናቸው። እሷን ያብራራሉ፣ ያስረዳሉ፣ ይመሰክሩላታል። ደብተሬ ላይ ትርጉሙ ነበር፣ ግን በእጄ አልሠራሁበትም ነበር።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። በፊት እንዲህ ነበር የምጽፈው።

«ባሕር ዛፍ ብዙ ጥቅም አለው። ለቤት መሥሪያ ያገለግላል። ውሃ ይጠጣል። በአገራችን በብዛት ይገኛል። ገበሬዎች ይሸጡታል። አንዳንድ ሰዎች ግን ይቃወሙታል።»

ስድስቱም ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው። ግን ስድስቱም ስድስት ቦታ ይሄዳሉ። አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ።

«ከማሳ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ የእህሉን ውሃ ይሻማል። የአያቴ ማሳ ይህን ያሳያል። ከዛፎቹ 20 እርምጃ ርቆ ያለው ጤፍ ጉልበት ያልፋል። 10 እርምጃ ላይ ግማሹን ያህላል። ዛፎቹ ሥር ያለው ግን ለማጨድ እንኳ አይያዝም። መሬቱ አንድ ነው፣ ዘሩም አንድ ነው፣ የተዘራውም በአንድ ቀን ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። አንባቢው «ምናልባት መሬቱ ሌላ ይሆናል» ብሎ ሊከራከር ሲል ቀድማ ትመልስለታለች። በእርምጃ የለካሁት ሜትር ስላልነበረኝ ነው። እርምጃም ቢሆን ከ«ብዙ» ይሻላል። «ብዙ»፣ «በጣም»፣ «ከፍተኛ» የሚሉ ቃላት ድርሰቴ ውስጥ ሳገኝ ቆም እላለሁ። ስንት? የት? መቼ? በምን አወቅሽ? ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልስ ካለኝ ቃሉን አውጥቼ መልሱን አስገባለሁ። ከሌለኝ ዓረፍተ ነገሩን እሰርዛለሁ።

አንቀጹ አንድነት አለው ወይ የሚለውን የምፈትሽበት መንገድ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በጣቴ እየነካሁ «አንቺ ኃይለ ቃሏን ታውቂያታለሽ?» እላለሁ። የማታውቃት ከሆነች ሌላ አንቀጽ ትሂድ ወይም ትውጣ።

አንድ አንቀጽ ማቃናት ከቻልክ ድርሰቱ ብዙ አይርቅም። አሁን ቢጋር፣ ማለትም የድርሰቱ ንድፍ ያስፈልጋል። እኔ ቢጋር የሚባለውን በፊት እጠላው ነበር፤ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። የአያቴ ቆጠራ ነው ለካ። ወረቀት ላይ አምስት መስመር ብቻ እጽፋለሁ። አንደኛው መስመር ማለት የፈለግኩት ነገር ነው። ቀጣዮቹ ሦስቱ ምክንያቶቼ ናቸው። አምስተኛው ላይ «የማይስማማ ሰው ምን ይለኛል?» ብዬ እጽፋለሁ። ይህ አምስተኛው መስመር ብዙዎች የሚዘሉት ነው። ለእኔ ግን ድርሰቱን ከንግግር ወደ ክርክር የሚያወጣው እሱ ነው። ባሕር ዛፍ ላይ የማይስማማኝ ጎረቤቱ ነው። «ታዲያ መሬቴ ጠባብ ነው፣ የት ልትከል?» ይለኛል። ለእሱ መልስ ሳልሰጥ ድርሰቱ አላለቀም። እኔም ለእሱ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጠሁት።

አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ከሆነ 8 ደቂቃውን ለቢጋር ስጡ። ጓደኞቻችሁ ገጽ ሲገለብጡ ትሰማላችሁ፣ አትደንግጡ። 25 ደቂቃ ጻፉ። የቀረውን ለማንበብ አስቀሩት። ለውጭ ትምህርት አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚፈተን ካለም ሰዓቱን እንዲሁ ቢከፋፍል ጥሩ ነው። እዚያ መጻፍ በ60 ደቂቃ ሁለት ጽሑፍ ነው፤ የመጀመሪያው ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል። ሁለተኛው ነጥቡ እጥፍ ስለሆነ 40 ደቂቃውን ለእሱ መተው ያዋጣል።

መግቢያ ብዙ አያስጨንቃችሁ። «ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ» ብሎ መጀመር ይቅር። «ትምህርት ማለት» ብሎ ትርጉም መስጠትም ይቅር፤ መምህሩ ትርጉሙን ያውቀዋል። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ጉዳዩን ጥሩ፣ የምትሉትን በሉ፣ ግቡ። እኔ መግቢያውን የምጽፈው መጨረሻ ላይ ነው። መደምደሚያውም «ከላይ እንደተገለጸው» ብሎ ያንኑ መድገም ባይሆን መልካም ነው። ባሕር ዛፉ ላይ የደመደምኩት ጎረቤቱና አያቴ ምን ቢስማሙ እንደሚሻል በመጻፍ ነበር።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው። ብዙዎቻችን የምንቸገረው በቃላት እጥረት ይመስለናል። የእኔ ትልቁ ችግር ግን ዓረፍተ ነገር አለመቁረጥ ነበር። በአማርኛ «ተነሥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርስ በልቼ፣ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ» ብል ያምራል። አንድ «ሄድኩ» ሁሉንም ይጎትታል። ይህን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ስወስደው አራት መስመር የሚሄድ፣ በነጠላ ሰረዝ ብቻ የተያያዘ፣ ራሱና ጅራቱ የማይታወቅ ነገር ይሆናል። መምህሩ «ሰንተንስሽ የት ነው የሚያልቀው?» ይሉኝ ነበር። መፍትሔው በአማርኛው መቁረጥ ነው። ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ቁርስ በላሁ። እንዲህ ተቆራርጦ ይሻገርና ሌላኛው ዳር ላይ የሚያያዘው ይያያዛል። መጀመሪያ አካባቢ እንግሊዝኛው የሕፃን ይመስላል። ይምሰል። ግልጽ ነው፣ ስህተቱም ጥቂት ነው። ከጊዜ በኋላ ሁለቱን በአንድ ማያያዣ ማጣመር ይመጣል።

መቅዳትን በተመለከተ የደረሰብኝን ልናገር። ሁለተኛው ድርሰቴ ላይ አንድ አንቀጽ ከኢንተርኔት ወሰድኩ። መምህሩ አንዲት ቃል ላይ ጣታቸውን አድርገው «ይህቺ ምን ማለት ናት?» አሉኝ። አላወቅኩም። በክፍሉ ሁሉ ፊት ነበር። ያ እፍረት እስካሁን አለ። ዛሬ ደግሞ ቻትጂፒቲ አለ። ወንድሜ አንድ ቀን አጽፎበት ላከልኝ። እንግሊዝኛው እንከን የለሽ ነው፣ ግን የእኛ ሰፈር የለበትም። የትኛውም አገር፣ የትኛውም ልጅ ስም ቢጻፍበት ያው ነው። «ካለቀልህ በኋላ ስህተቴን አሳየኝ በለው፣ ግን ከመቁጠርህ በፊት አትክፈተው» አልኩት።

ሌላ አንድ ነገር። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ነገራ ማለት ይሄው ነው። ዓይን የሚያልፈውን ጆሮ ይይዘዋል። ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ አራት ነጥብ ይፈልጋል። የሚሰማ ሰው ካለ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ጉዳዩን የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ለእናቴ አነብላት ነበር። እናቴ ብዙ አልተማረችም። ግን «ቆይ፣ እዚህ ጋ ማን ነው የሸጠው?» ስትለኝ እዚያ ቦታ ላይ ባለቤቱ እንደጠፋ አውቃለሁ። ከእሷ የተሻለ አራሚ አላገኘሁም።

ወንድሜ አሁን የጻፈውን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልክልኛል። ከዚያ በድምፅ ያነብልኛል። ባለፈው የላከው ርዕሱ «የውሃ ችግር በአካባቢያችን» ነበር። መጀመሪያ «ውሃ ሕይወት ነው» ብሎ ጀምሮ ነበር። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንብብልኝ አልኩት። «የሰፈራችን ቦኖ ተማሪዎች ሳይረፍድባቸው ውሃ እንዲቀዱ ከንጋቱ 11 ሰዓት መከፈት አለበት» ይላል።

«ወደ ፊት አምጣት» አልኩት።

አመጣት። ደስ አለው፣ ድምፁ ላይ ይታወቃል። «እሺ፣ ስንት ተማሪ ይረፍድበታል? በምን አወቅክ?» ብዬ ጻፍኩለት። ዝም አለ። ያን ማታ አልመለሰልኝም።

በማግስቱ መልእክት ገባ። «እታለም፣ ቆጥሬ መጣሁ። ቦኖው የተከፈተው 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰልፉ ላይ 34 ጀሪካን ነበር። ዩኒፎርም የለበስነው 9 ነን። እኔ ስድስተኛ ነበርኩ፣ ከእኔ ኋላ ያሉት ሦስቱ የትምህርት ቤቱ የጠዋት ሰልፍ አምልጧቸዋል። ይህን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ላስገባው ወይስ መጀመሪያው ላይ?»